የፍርስራሽ አቧራ ማንን ነው ሚጎዳው? ጉዳቱስ ለምንድነው ማይታየን?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሲካሄድ፣ መጀመሪያ ፒያሳ በኋላ ደሞ በ2017 መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ስለ ካሳው ስለ ቅርሱ ስለ ተነሺዎቹ ኑሮ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተከራክረናል። ስለ አቧራው ግን ክርክሩ ከሁለት አረፍተ ነገር አላለፈም። አንደኛው ወገን «ልማት ያለ አቧራ አይመጣም፣ ትንሽ ታገሱ ያልፋል» ይላል፣ ሌላኛው ደሞ «ከተማው ተመርዟል፣ ሁላችንም የካንሰር በሽተኛ መሆናችን ነው» እያለ ፖስት ያደርጋል። አሁን ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ስለወረደ ያው ጭቅጭቅ እዛም ቀጥሏል።

ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ የጋራ ስህተት አለባቸው፣ አቧራውን አንድ ዓይነት ነገር አድርገው ነው ሚያዩት፣ ሚተነፍሰውንም ሰው እንደዛው። አቧራው ከየትኛው ቤት ነው የወጣው፣ በምንድነው የተፈጨው፣ ማን ነው ለስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት ሚስበው የሚለው ካልተለየ «ይጎዳል» ማለትም «አይጎዳም» ማለትም ብዙ አይነግረንም። እስቲ እየለየን እንየው።

የፈረሰው ምን ዓይነት ቤት ነው?

የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ ሲባል ቤት ሲሠራ ሚተርፈው፣ ሲታደስ ሚነቀለው፣ ሲፈርስ ሚወጣውና ለመሰረት ተቆፍሮ ሚጣለው አፈር ሁሉ አንድ ላይ ነው። አዲስ አበባን ብቻ እንኳ ብንወስድ ይሄ ነገር አንድ መልክ የለውም።

የድሮው ሰፈር ቤት አብዛኛው እንጨትና ጭቃ ነው፣ በጭድ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይ የማዳበሪያ ከረጢት። «ጭቃ ስለሆነ ምንም የለበትም» ሚባለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ብዙ የፋብሪካ ኬሚካል አይገኝበትም። ግን ኮርኒሱ ላይ ለአርባ ለሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ የአይጥ ኩስ፣ ሻጋታና የማድቤት ጥላሸት አለ፣ ይሄ ሁሉ ሳይነካ ተኝቶ የቆየ ነገር ነው አንድ ቀን ጠዋት እስካቫተር ሲገፋው በአንዴ አየር ላይ ሚወጣው። አስም ላለበት ሰው ሻጋታና ጥላሸት ከሲሚንቶ ብናኝ አያንስም። ጭቃው ራሱም ሲደርቅ አፈር ነው፣ አፈር ውስጥ ደሞ ከታች ስሙን ምንጠራው ማዕድን አለ።

ከጣሊያን ጊዜ እስከ ደርግ ዘመን የተሠሩት የድንጋይ፣ የብሎኬትና የኮንክሪት ህንጻዎች ሌላ ነገር ናቸው። እዚህ ጋ ሲሚንቶና አሸዋ፣ በላይ በላዩ የተቀባ የድሮ ዘይት ቀለም፣ አንዳንዱም ላይ አስቤስቶስ ሊመጣ ይችላል።

ከዛ ደሞ ሰው እንደ ቆሻሻ ምንጭ ብዙም ማያስበው አዲሱ ግንባታ ራሱ አለ። የእግረኛ መንገድ ድንጋይና ታይልስ በግራይንደር ሲቆረጥ፣ የደረቀ ኮንክሪት ሲቦረቦር፣ የጂፕሰም ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ሲላግ ሚወጣው ዱቄት። ሁላችንም ምናወራው ስለ ማፍረስ ነው እንጂ በኔ ግምገማ ከጤና አንጻር ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን ሚገባው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ በደረቁ ሚቆርጠው ልጅ ነው።

ሚታየውና ማይታየው አቧራ

አቧራ ሚለካው በማይክሮን ነው፣ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። የሰው ጸጉር ውፍረቱ በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነው ብናኝ በአብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው ሚቀረው፣ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ዓይን ያቀላል፣ «ሳይነሴ ተነሳብኝ» እያልን ፋርማሲ ምንሄድበት እሱ ነው። ከ10 በታች ያለው ፒኤም 10 ይባላል፣ እሱ ወደ ሳንባ ቱቦዎች ይገባል። ከ2.5 በታች ያለው ፒኤም 2.5 ደሞ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርድና ከውስጡ በጣም ደቃቁ ወደ ደም ይሻገራል፣ የአየር ብክለት ከሳል አልፎ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው ሚመክረው፣ የአዲስ አበባ አየር ኮሪደር ልማት ሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊትም ከዚህ በብዙ እጥፍ በላይ ነበር።

እዚህ ጋ «ከተማው ተመረዘ» ሚሉት ሰዎች ሊቀበሉት ሚገባ ነገር አለ። ከማፍረስ ሚወጣው አቧራ በክብደት ሲታይ አብዛኛው ትልልቁ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ቡን ብሎ ሰፈሩን ሚሸፍነው ደመና ያስፈራል ግን ብዙው በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ይወርዳል። ለአንድ በመንገድ ለሚያልፍ ጤነኛ ሰው ደቃቁን ብናኝ በዋናነት ሚያመጣበት የአሮጌ መኪና ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ቆሻሻ ማቃጠል ነው። ስለዚ ታክሲ ሲጠብቅ ለአስር ደቂቃ አቧራ የጠጣ ሰው ካንሰር ይዞኛል ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

«ያልፋል» ሚሉትም ግን ማያዩት ነገር አለ። መሬት የወረደው አቧራ አላለቀም። በበጋ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ብዙ ዝናብ በሌለበት ጊዜ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ መጥረጊያ በነካው ቁጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ንፋስ በመጣ ቁጥር ተመልሶ ይነሳል፣ ሸራ ያልለበሰ ሲኖትራክ ደሞ ፍርስራሹን ከካዛንቺስ ጭኖ እስከ ከተማው ዳር ድረስ እየዘራው ይሄዳል፣ ጎማ ደጋግሞ ሲረግጠውም ትልልቁ ይፈጭና ደቃቅ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ደሞ ከእንጦጦ ስር ቀዝቃዛው አየር ከተማው ላይ ተኝቶ ስለሚቆይ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሚሄዱበት ሰዓት አየሩ በጣም ከሚወፍርባቸው ሰዓታት ጋር ይገጥማል። አስም ላለበት ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንት፣ ልብ ወይ ሳንባ ለሚያማቸው ሰዎች ይሄ ለወራት ሲቀጥል «ትንሽ ታገሱ» ሚባል ነገር አደለም።

ሲሊካ፦ ዋናው ተጠያቂ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ሲሊካን ነው ምመርጠው። ሲሊካ አሸዋ ውስጥ፣ ድንጋይ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ማዕድን ነው፣ ስለዚ ኮንክሪትም፣ ብሎኬትም፣ ልስንም፣ ጡብም፣ ሴራሚክም ውስጥ አለ። ሳይነካ ሲቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ሲፈጭ ነው፣ በተለይ በማሽን ሲቆረጥ፣ ሲሰረሰርና ሲላግ እጅግ ደቃቅና ሹል ብናኝ ይሆናል፣ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ሊበሉት ይሞክራሉ ግን አይፈጭላቸውም፣ እነሱ ይሞታሉ ብናኙ ይቀራል፣ ሌላ ሴል ይመጣል እሱም ይሞታል፣ በዚህ መሃል ሳንባው በጠባሳ እየተሞላ ይደድራል። ሲሊኮሲስ ሚባለው በሽታ ይሄ ነው።

ሲሊኮሲስ ማዳኛ መድኃኒት የለውም። በአብዛኛው ከ10 ዓመት በላይ ከተሠራ በኋላ ነው ሚታየው፣ አቧራው በጣም ከበዛ ግን በጥቂት ዓመታት፣ አልፎ አልፎ በወራት ውስጥም ይመጣል። ሥራውን ቢያቆሙም ሊባባስ ይችላል ምክንያቱም የገባው ብናኝ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም ደሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ የተፈጨውን ሲሊካ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ፈረቃ አማካይ እንዲተነፍስ ሚፈቀድለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ ድንጋይ በደረቁ በግራይንደር ሲቆረጥ ግን ይሄ ልክ በደቂቃዎች ውስጥ ሊታለፍ ይችላል።

እኛ አገር ላይ ደሞ ነገሩን ሚያከብደው ቲቢ ነው። ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ያሉትን ተከላካይ ሴሎች ስለሚያደክም፣ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሶስት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ በሽታው ገና ባይወጣበትም ለአቧራው መጋለጡ ብቻ አደጋውን ይጨምራል። ኢትዮጵያ ደሞ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነች። የቀን ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው ሚኖሩ ልጆች ናቸው፣ ስለዚ አንዱ ቢታመም አብሮት ሚተኛው ሁሉ ይጋለጣል። ሌላም ነገር አለ፣ ሁለቱ በሽታዎች በምልክትም በኤክስሬይም ይመሳሰላሉ፣ ሳል ነው፣ ክብደት መቀነስ ነው፣ ትንፋሽ ማጠር ነው። ሐኪሙ ስለ ሥራው ካልጠየቀ ሲሊኮሲሱ ቲቢ ተብሎ ለወራት መድኃኒት ይሰጠዋል፣ «አልሻለውም» ይባላል፣ እንደዛው ተመዝግቦ ይቀራል።

አስቤስቶስና ሊድ፦ የት ነው መፈለግ ያለባቸው?

አስቤስቶስ እንደ ክር ሚሰነጠቅ ማዕድን ነው። እሳት ስለማይበላውና ርካሽ ስለነበር ባለፈው ክፍለ ዘመን በመላው ዓለም ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ ጣሪያ፣ የግድግዳ ሰሌዳ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የጭስ ማውጫ ተሠርቶበታል። ሳይሰበር ጣሪያ ላይ እንዳለ ብዙ አይጎዳም፣ ሲሰበርና ሲቆረጥ ግን ማይታዩ ክሮች ይለቃል፣ እነሱ ሳንባ ውስጥና ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ይሰካሉ። ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር ያመጣል፣ ሜሶቴሊዮማ ሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰርም በዋናነት ከሱ ነው ሚመጣው። ከተጋለጡበት እስከ ታመሙበት ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ሲጋራ ሚያጨስ ሰው ላይ ደሞ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል፣ አሜሪካ እንኳ የመጨረሻውን በሥራ ላይ ያለ ዓይነት የከለከለችው በ2024 ነው።

የጭቃ ቤት ውስጥ አስቤስቶስ አለ ብሎ ማስፈራራት ስህተት ነው። መፈለግ ያለበት በሃምሳዎቹ፣ ስድሳዎቹና ሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎች፣ የመንግሥት ህንጻዎችና አሮጌ የውሃ መስመሮች ላይ ነው። ሞገድ ሞገድ ያለው፣ ግራጫ፣ ቆርቆሮ ሚመስል ግን ብረት ያልሆነ ጣሪያ ካለ ናሙናው ላብራቶሪ ሳይታይ በእስካቫተር መምታት የለበትም። በደንብ ከረጠበ በኋላ ሳይሰበር በእጅ ወርዶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው መቀበር አለበት፣ ለዶሮ ቤት ይሆናል ብሎ መውሰድም አደገኛ ነው።

ሊድ ሚባለው ብረት ደሞ በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ ይገኛል። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ውስጥ 90 እጅ ማለት ነው) እንዳይበልጥ ወስናለች፣ ጥሩ ደንብ ነው፣ ግን ከሱ በፊት የተቀቡት በርና መስኮቶች አሁን ነው ሚፈርሱት። ሊድ ደህና ሚባል መጠን የለውም። ትንንሽ ልጆች የዋጡትን ሊድ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው ወደ ሰውነታቸው ሚያስገቡት፣ ጉዳቱም አዕምሮ ላይ ነው፣ ትኩረት፣ ትምህርት የመቀበል አቅም፣ ጸባይ። ከፈረሰ ግቢ የተለቀመ ባለ ቀለም በርና መስኮት ተፈልጦ እንጀራ ከተጋገረበት ሊዱ በጭሱም በአመዱም ወጥቶ ማድቤት ውስጥ ይቀራል፣ እናትየዋም ያዘለችው ልጅም ይስቡታል። ማገዶ ውድ በሆነበት ጊዜ «አታንድዱት» ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ቢያንስ ቀለም የነካው ካልነካው ተለይቶ ቢቀመጥ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ወተቱስ?

ቀለም ቤት፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ ግንባታ ቦታ ሁሉ አንድ የቆየ እምነት አለ፣ «ወተት ጠጡበት፣ አቧራውን ያጥበዋል»። አንዳንድ ቦታ አሠሪዎች ከልባቸው አስበው ለሠራተኛው ወተት ያቀርባሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው ግን በምግብ ቧንቧ ወደ ጨጓራ ነው ሚሄደው፣ የተተነፈሰው ብናኝ ያለው በአየር ቧንቧው በኩል ሳንባ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ትንሽ እውነት ያለው ሊድ ላይ ብቻ ነው፣ ካልሲየምና አይረን በደንብ ሚያገኝ ሰው አንጀቱ ከዋጠው ሊድ ውስጥ ሚቀበለው ይቀንሳል። ለሲሊካ፣ ለአስቤስቶስ፣ ለሲሚንቶ ብናኝ ግን ምንም አያደርግም።

ይሄ ልማድ ሚያሳስበው ሠራተኛው ተከላከልኩ ብሎ እንዲያምን ስለሚያደርገው ነው። ወተቱ በተገዛበት ብር ትክክለኛ ማስክ ሊገዛ ይችል ነበር። ማስክ ሲባል ደሞ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው ወይ አፍ ላይ ሚታሰረው ሻሽ ትልልቁን ብቻ ነው ሚይዘው፣ ደቃቁ በጎንም በመሃልም ያልፋል። ኤን95 ሚባለውና ፊት ላይ ገጥሞ ሚቀመጠው ነው ሚረዳው፣ እሱም በአቧራ ሲሞላ መቀየር አለበት።

ፍርስራሹ ከተነሳ በኋላ

ቆሻሻው ተጭኖ ከዓይን ሲጠፋ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ከድሮ ሰፈር ፍርስራሽ ብዙው አይጣልም። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ሞራሉ፣ ፌሮው ሁሉ ይሸጣል፣ ለቀማው ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፣ ለአካባቢም ከብዙ አገር አሠራር የተሻለ ነው። ግን ያንን ሥራ ሚሠሩት ሰዎች ከማንም በላይ ፍርስራሹን በእጃቸው ይነካሉ። የኤሌክትሪክ ገመድ አቃጥሎ መዳብ ማውጣት ከፕላስቲኩ ዳዮክሲን ሚባል አደገኛ ጭስ ያስወጣል። የተሰበረ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውስጡ ያለው ክሮሚየም ደሞ ማይለቅ የቆዳ አለርጂ ያመጣል።

የዛገ ሚስማርና የተቀደደ ቆርቆሮ ሚያመጣው መንጋጋ ቆልፍም አለ። የቴታነስ ክትባት በአዋቂ ዕድሜ በዋናነት ሚሰጠው ለሴቶች፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች ስለሆነ ወንዱ የቀን ሠራተኛ በልጅነቱ ከተከተበ በኋላ ሳይደግመው ሊቀር ይችላል፣ ወይ ጭራሽ አልተከተበም። ክትባቱ ርካሽ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ ሚከብድ ነገር የለውም።

ከዛ ውሃው አለ። አፈርና ፍርስራሽ እንደ ቀበና ባሉ የከተማው ወንዞች ዳር ሲደፋ፣ ወይ ቱቦ ሲዘጋ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ሽንት ቤቱንም አብሮ ይዞ ነው ቤት ሚገባው። በጋራ ግቢ ውስጥ የነበሩ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሳይመጠጡና ሳይደፈኑ ከላይ ከተደረመሰባቸው ሰውም ይገባባቸዋል ውሃም ይበክላሉ። ቆላ ከተሞች ላይ ደሞ ወባ ይጨመራል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሚባለው ከእስያ የመጣ የከተማ ወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪደሃር ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳውም የወባ ወረርሽኝ ከዚሁ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ ለኮንክሪት ተብሎ የተጠራቀመ የግንባታ ውሃ፣ በርሜልና ጉድጓድ ይበቃታል።

ጂፕሰም ሚባለው ነጩ የግድግዳና የኮርኒስ ሰሌዳ ደሞ ከቤት ቆሻሻ ጋር አንድ ላይ ከተቀበረ፣ እርጥበት አግኝቶ አየር ሲያጣ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሚባል የበሰበሰ እንቁላል ሚሸት ጋዝ ያወጡበታል፣ ሲበዛ ይገላል። የፍርስራሽ መድፊያ ከደረቅ ቆሻሻ መድፊያ መለየት አለበት ሚባልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

«የድሮው ቤትስ ጤናማ ነበር እንዴ?»

ልማቱን ሚደግፉ ሰዎች ሚያነሱት ጠንካራ ነጥብ አለ፣ መስማት ያስፈልጋል። እነዛ ቤቶች ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም፣ ወለላቸው ይረጥባል፣ አስርና ሃያ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀም ነበር፣ መንገዱም ኮረኮንች ስለነበር አቧራው የየቀን ነገር ነበር። የተነጠፈ መንገድና የተተከለ ዛፍ የመንገድ አቧራን ለዘለቄታው ይቀንሳል። ተነሺው እውነት የተሻለ ቤት ከገባ ከጥቂት ወራት አቧራ ይልቅ ከዓመታት የማድቤት ጭስ መገላገሉ ለጤናው ሊበልጥበት ይችላል።

ልክ ነው፣ ግን ይሄ ክርክር ስለ ነዋሪው እንጂ ስለ ሠራተኛው ምንም አይልም። ነዋሪው ከአቧራው ወጥቶ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ከፒያሳ ወደ ካዛንቺስ ከዛ ወደ ሚቀጥለው ሰፈር አቧራውን እየተከተለ ነው ሚኖረው። ደሞም ልማቱ ያስፈልጋል ማለት በደረቁ መቁረጥ ያስፈልጋል ማለት አደለም።

ውሃ፣ ፍጥነት እና መዝገብ

ለዚህ ሁሉ ትልቁ መፍትሔ ውሃ ነው። ግድግዳው ከመመታቱ በፊትና ሲመታ ውሃ መርጨት፣ ድንጋይና ታይልስ ሲቆረጥ ምላጩ ላይ ውሃ ማንጠባጠብ፣ በደረቁ አለመጥረግ፣ ሲኖትራኩን ሸራ ማልበስ። ይሄ አዲስ ሳይንስ አደለም። በ1930 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሆክስ ኔስት ሚባል ዋሻ ሲቆፈር ድንጋዩ ሲሊካው እጅግ የበዛ ነበር፣ በውሃ መሰርሰር ሥራውን ስለሚያዘገይ በደረቁ ነው የተሠራው። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፣ ሲታመሙ ወደየመጡበት ተበተኑ። በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመረምር የሟቾቹ ቁጥር 476 ተባለ፣ ሌላ ግምት ደሞ ከ700 በላይ ያደርሰዋል፣ ትክክለኛው ቁጥር እስከዛሬ ማይታወቀው ሠራተኞቹ ስለተበተኑ ነው።

በሌላ በኩል ኒውዮርክን እንይ። በመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) መንትያዎቹ ህንጻዎች ሲወድቁ ከተማው የተፈጨ ኮንክሪት፣ መስታወት፣ አስቤስቶስና ሊድ ለበሰ፣ የአካባቢ ጥበቃው ኃላፊ በሳምንት ውስጥ አየሩ ለመተንፈስ ደህና ነው ብለው መግለጫ ሰጡ። በዛ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተው ነበር፣ በ2023 መስከረም ላይ ከዛ አቧራ ጋር በተያያዘ በሽታ የሞቱት ባልደረቦቻቸው ቁጥር እኩል 343 ደረሰ፣ ከዛም አልፏል። ይሄ ሊታወቅ የቻለው ስማቸው ተመዝግቦ በየጊዜው ምርመራ ሲደረግላቸው ስለቆየ ነው። በርግጥ የዛ ቀን አቧራ ከእኛ ሰፈር ፍርስራሽ ጋር በመጠንም በይዘትም አይወዳደርም። ንጽጽሩ ስለ መዝገቡ ነው፣ በአንዱ ቦታ ተቆጠሩ በሌላው አልተቆጠሩም።

እኛ ጋ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ግንባታና ፍርስራሽ ቆሻሻ ለብቻው አንስቷል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞ አሠሪው መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል፣ በሥራ ምክንያት ሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ችግሩ ሕጉ ሚይዘው ስሙ ያለበትን ሠራተኛ ነው። ዋናው ኮንትራክተር ለሌላ ያካፍላል፣ ያም ለቡድን መሪ ይሰጣል፣ መሪው ጠዋት መንገድ ዳር ቆመው ሚጠብቁትን ልጆች ጠርቶ ማታ በእጅ ይከፍላል፣ ስም የለ ፊርማ የለ። ከአስር ዓመት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው የት እንደሠራ ሚያሳይ ወረቀት የለውም፣ አሠሪውንም አያውቀውም። ፍጥነቱም ያው ነው፣ ሌትና ቀን 24 ሰዓት ሚሠራ ሳይት ላይ ውሃ መርጨት «ሥራ ማዘግየት» ተደርጎ ይታያል፣ የጊዜ ገደቡን ሲያስቀምጥ ውሃውንም አብሮ ማስላት ያለበት አሠሪው መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ልጁ አደለም።

ስለዚ የጨረታ ሰነድ ላይ ውሃ፣ ሸራ፣ ኤን95 እና ከማፍረስ በፊት የአስቤስቶስ ፍተሻ የራሳቸው ዋጋ ተይዞላቸው እንደ ሲሚንቶና ፌሮ መግባት አለባቸው፣ ካልገቡ ኮንትራክተሩ ከትርፉ ላይ ቆርጦ አያደርገውም። የቀን ሠራተኛው ስም፣ ስልክና የሠራው ሥራ ዓይነት በቀን መዝገብ መያዝ አለበት፣ ሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያና ቲቢ ክሊኒክ ላይ ደሞ «ሥራህ ምንድነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ስትቆርጥ፣ ምን ስታፈርስ፣ ለስንት ዓመት?» ሚል ጥያቄ ይጨመር። ካርዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙ ምንም አያውቅም፣ «ድንጋይ ቆራጭ፣ አምስት ዓመት፣ ያለ ማስክ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ኤክስሬዩን ሲያነሳ ከቲቢ ሌላም ነገር ይፈልጋል።